ጥሩ ስልክ ወይስ ያገለገለ ካሜራ? መልሱ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ ፎቶ እያነሳ ለመኖር የሚያስብ ወጣት ዛሬ አንድ ከባድ ምርጫ ተደቅኖበታል። በእጁ ያለው ገንዘብ ወይ ደህና ስልክ ይገዛለታል፣ ወይ ያገለገለ ካሜራ ከነሌንሱ ይገዛለታል፤ ለሁለቱም አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጭ አገር 1,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት፣ ከ57 ሺህ ወደ 100 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ተሳስቶ የገዛ ሰው የረጅም ጊዜ ቁጠባውን ነው የሚያጣው። ስለዚህ ጉዳዩ በወሬና በማስታወቂያ የሚፈታ አይደለም፤ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያወዳድረው በሜጋፒክስል ነው፤ ይህም ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስሎች) ብዛት በሚሊዮን ሲቆጠር ነው። “ስልኬ 200 ሜጋፒክስል ነው፤ የእሱ ካሜራ ግን 18 ብቻ ነው” የሚል ክርክር በየፎቶ ቤቱ ደጃፍ ይሰማል። ከመለኪያዎቹ ሁሉ አሳሳቹ ይህ ነው። ባለ 200 ሜጋፒክስሎቹ የሳምሰንግ ስልኮች ራሳቸው በተለመደው አሠራራቸው 16 ፒክስሎችን አንድ ላይ አዳብለው 12 ሜጋፒክስል ገደማ የሆነ ፎቶ ነው የሚሰጡት። ይህን የሚያደርጉት ወደው አይደለም፤ እያንዳንዷ ፒክስል እጅግ ትንሽ ስለሆነች ብቻዋን በቂ ብርሃን መሰብሰብ ስለማትችል ነው።

ቁልፉ ብርሃን ነው። በካሜራም በስልክም ውስጥ ብርሃን የሚያርፍበት ሴንሰር የሚባል ቺፕ አለ። ሙሉ ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች ውስጥ ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። በእኛ ገበያ በብዛት የሚዘዋወሩት የመነሻና የመካከለኛ ደረጃ ካሜራዎች ከ330 እስከ 370 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር አላቸው። ውድ በሚባሉት ስልኮች ዋና ካሜራ ውስጥ ያለው 70 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በርካሾቹ ላይ 25 ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ የተቀመጠ ገበቴና ስኒ እኩል ውኃ አይዙም፤ በሴንሰሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

ሌንሱም እንዲሁ ነው። የስልክ ማስታወቂያ “ኤፍ 1.8” ሲል የካሜራውም ሌንስ “ኤፍ 1.8” ስለሚል ሁለቱ እኩል የሆኑ ይመስላል። ይህ ቁጥር ግን ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያሳይ በሚሊሜትር ከሚነግረን ቁጥር) ጋር አነጻጽሮ የሚናገር እንጂ ቀዳዳው በራሱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። በአይፎን 14 ፕሮ ዋና ሌንስ ላይ ቀዳዳው ሲሰላ ከ4 ሚሊሜትር በታች ነው። ባለ 50 ሚሊሜትሩ የካሜራ ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት 28 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የስልኩ ሌንስ ሰፊ አካባቢ የሚያይ ስለሆነ አንድ ለአንድ ማነጻጸሩ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ስፋት በሚያሳይ የሙሉ ፍሬም ሌንስ ብናስተያየው እንኳ ግን የካሜራው ቀዳዳ በስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል።

ታዲያ ስልክ ይህን ያህል ከኋላ ከተነሳ እንዴት እዚህ ደረሰ? በስሌት ነው። ቁልፉን አንድ ጊዜ ስንጫን ስልኩ አንድ ፎቶ አያነሳም፤ ብዙ ያነሳና ያዋህዳቸዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 በፒክስል ስልኮቹ ላይ ያወጣው የምሽት ማንሻ እስከ 15 ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ አስተካክሎ፣ ብርሃን ሲያንስ ፎቶ ላይ የሚወጣውን ነጠብጣብ አጥርቶ አንድ ምስል ያደርጋቸዋል። ካሜራ በሌንሱና በሴንሰሩ የሚሠራውን ስልክ በኮምፒውተሩ ይሠራዋል ማለት ነው። ይህ ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው፤ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ገበያውም መስክሮለታል። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ወደ ገበያ ተልከው ነበር፤ በ2023 ግን ከ8 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። የጠፉት በዋናነት ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በሻንጣ ይዟቸው ይመጣ የነበሩት ትንንሾቹ የኪስ ካሜራዎች ናቸው። ሌንሳቸው የሚቀየረው ትልልቆቹ ቁጥራቸው ቢቀንስም አልጠፉም።

ስልክ የሚያሸንፍበትን ቦታ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ እርሱም የቀን ፀሐይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ በሚበዛበት በሚያዝያ ወር፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ይተኛል፣ አገጭ ሥር ይጠቁራል፣ ነጠላው ደግሞ እንደ መስታወት ያበራል። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ በአንድ ፎቶ ውስጥ በዚህ ፀሐይ ሥር ማንሳት ከፈተናዎች ሁሉ ከባዱ ነው። ፊቱን ያበራ ጀማሪ የነጠላውን ፈትል ያቃጥላል፤ ነጠላውን ያዳነ ደግሞ ፊቱን ያጠቁራል። ስልኩ ግን አጭርና ረጅም ብርሃን የወሰዱ ፎቶዎችን አዋህዶ ሁለቱንም ያተርፋል፤ ያነሳው ሰው ምንም ባያውቅም ያተርፋል። ካሜራው ይህን ማድረግ አያቅተውም፤ ሮው በሚባለው ያልተነካ ፋይል ውስጥ ከስልኩ የሚበልጥ መረጃ ይይዛል። ነገር ግን ያንን ለማውጣት ኮምፒውተር፣ ሶፍትዌር፣ ዕውቀትና የሌሊት እንቅልፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራው የቀን፣ የደጅና የማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤት ለሚያከራይ ደላላ ወይም ልብስ ለሚሸጥ ሱቅ ፎቶ ማንሳት ከሆነ፣ ካሜራ ግዛ ብዬ ማንንም አልመክርም።

ድንኳን ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በከተማዋ ዳርቻ ሠርግ ሁሉ በሆቴል አዳራሽ አይደረግም። ብዙው በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ባለው ሜዳ ወይም በግቢ ውስጥ በሚተከል ድንኳን ነው። ሸራው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቀን በሸራው አልፎ የሚገባው ብርሃን የሸራውን ቀለም ይዞ ይገባል፤ የሙሽራው ፊት፣ የሙሽራዋ ቀሚስ፣ እንጀራው ሳይቀር ያንኑ ቀለም ይለብሳል። እዚያ ለተቀመጠ ሰው አይታወቀውም፤ አንጎላችን ያርመዋልና። ፎቶው ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሲመሽ ደግሞ አንዱ ጥግ ነጭ፣ ሌላው ጥግ ቢጫ አምፖል ይበራል፤ ሙዚቃ ያመጡት ልጆች ቀይና ሐምራዊ መብራት ይጨምሩበታል። ስልኩ ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ገምቶ ይወስናል፤ በሚቀጥለው ፎቶ ደግሞ ሌላ ይገምታል። በተከታታይ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ላይ የአንዲት ሴት ፊት አንዴ ቀይ፣ አንዴ አመድማ ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በካሜራ የሚሠራ ሰው የብርሃኑን ቀለም አንድ ጊዜ በነጭ ወረቀት ለክቶ ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ የተነሱት ፎቶዎች ቢሳሳቱ እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት ስሕተት ስለሚሳሳቱ በአንድ ጊዜ ይታረማሉ። በፍላሽ የሚሠሩ ደግሞ ድንኳን ውስጥ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ፍላሽን ወደ ጣሪያ አዙሮ ብርሃኑን ማለስለስ የተለመደ ነው። አረንጓዴ ሸራ ላይ ይህን ያደረገ ሰው የሚመለስለት አረንጓዴ ብርሃን ነው። ስለዚህ ነጭ ጃንጥላ ወይም ከፍላሹ ጀርባ የታሰረ ነጭ ካርቶን ይዘው ይገባሉ። ርካሽ መፍትሔ ነው፤ የፎቶውን መልክ ግን ከአዲስ ካሜራ የበለጠ ይለውጠዋል።

ከዚያ ጭፈራው ይመጣል። ስልኩ በደብዛዛ ብርሃን ብዙ ፎቶ ማዋሃድ የሚችለው ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሲረጋለት ነው። እስክስታ የሚመታ ትከሻ አይረጋም። ውጤቱ ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻውና እጁ የተላቀቀ ምስል፣ ወይም ሁሉም የደበዘዘ ምስል ይሆናል። ካሜራው በአንድ ምት፣ በሰከንድ 250ኛ ክፍልፋይ፣ ትከሻው በተሰበቀበት ቅጽበት ይይዘዋል፤ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ ነጠብጣብ ያለው እውነተኛ እስክስታ ግን ከለሰለሰ ጭጋግ ይሻላል። የኤልኢዲ መብራቶችም ጣጣ አላቸው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነ ርካሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ፎቶና ቪዲዮ ላይ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የካሜራው ባለቤት ፍጥነቱን በሰከንድ 50ኛ ወይም 100ኛ ክፍል ላይ አድርጎ መስመሩን ማጥፋት፣ ወይም በፍላሽ ማሸነፍ ይችላል። ፈጥኖ የሚንቀሳቀሰውን ለመያዝና መስመሩን ለማጥፋት ግን የሚፈለጉት ፍጥነቶች ይጋጫሉ፤ ፍላሽ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

በየካ አባዶ አንድ ሠርግ ላይ ያየሁት ከዚህ ሁሉ በላይ አሳስቦኛል። የሙሽራዋ እናት በሐበሻ ቀሚስ ተቀምጠው አንዲት የጎረቤት ልጅ በስልኳ ፎቶ አነሳቻቸውና አሳየቻቸው። እናትየው ስልኩን ራቅ አድርገው ተመለከቱ። “ይቺ ማን ናት? ንቅሳቴንስ የት አደረገው?” አሉ። ልጅቱ ሳቀች፦ “እትዬ፣ ስልኩ ራሱ ነው ያሳመረዎት።” እውነትም አንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት ሰማያዊ መስመር የለም፤ ስልኩ እንደ ቆዳ ጉድፍ ቆጥሮ ጠርጎታል። ፊታቸው አንድ ደረጃ ነጥቷል። የነጠላው ጥለትም ክሮቹ ተደባልቀው እንደ ቀለም ቅብ ሆኗል። ከዚያው ማዕድ ማዶ የቆመው ፎቶ አንሺ በአሮጌ ካሜራ ያነሳቸው ምስል ላይ ግን ንቅሳቱ መስመር በመስመር ይታያል፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ላብም አለ። እናትየው የትኛውን ልጆቻቸው ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉላቸው እንደሚፈልጉ መጠየቅ አላስፈለገም።

ይህ የስልክ ሁሉ ባሕርይ ነው አልልም። ቆዳን የሚያለሰልሰውና የሚያነጣው ማስተካከያ በብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ ከፋብሪካው በርቶ ነው የሚመጣው፤ ካሜራውን ከፍቶ ማጥፋት ይቻላል፣ ማጥፋትም ይገባል። ጉዳዩ ሥር ያለው መሆኑን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። በፊልም ዘመን የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚለኩት በአንዲት ነጭ ሴት ምስል ካርድ ነበር፤ የጠቆረ ቆዳ በትክክል ያልወጣበት ዘመን ረጅም ነው። ጉግል በ2021 እ.ኤ.አ. በፒክስል 6 ስልኩ ላይ የተለያየ የቆዳ ቀለምን በትክክል ለማውጣት የተሠራ አሠራር ይዞ መጣ። በአገራችን ስልክ የሚገጣጥመው የቴክኖ ባለቤት ኩባንያም በአፍሪካ ገበያ የገነነው በከፊል ለጠቆረ ቆዳ የተስተካከለ ካሜራ አለኝ በማለቱ ነው። መልካም ጅምር ነው። ይሁንና ሁሉም የሚወስኑት እኛን ሳይጠይቁ ነው፤ የሚወስነውም ሌላ አገር የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። ካሜራ ላይ ውሳኔው ያለው ፎቶ አንሺው እጅ ነው።

የስልክ ስሌት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የጨረቃውን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ስክሪን ላይ አድርጎ በሳምሰንግ ስልክ ሲያነሳው፣ ስልኩ በምስሉ ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶችን ጨምሮ አወጣ። ኩባንያውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨረቃን ለይቶ ዝርዝሯን እንደሚያጎለብት አስረድቷል። ለመዝናኛ ይህ ምንም አይደለም። ለአጥር ወሰን ክርክር ወይም ለፍርድ ቤት ማስረጃ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል።

ዳራውን የሚያደበዝዘው የስልክ አሠራርም የራሱ ጉድለት አለው። የሰውን ጠርዝ ገምቶ ስለሚቆርጥ አፍሮ ጸጉርና የነጠላ ዘርፍ ላይ ሲደርስ ይሳሳታል፤ ጸጉሩን ይላጫል፣ ዘርፉን ከዳራው ጋር ያደበዝዘዋል። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነም ቀርቦ የሚያነሳ ሰው አፍንጫን ያገዝፋል። ለዚህኛው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ስልኩ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ካለው በእሱ ማንሳት። በቪዲዮ በኩል ስልክ እጅግ ጎበዝ ነው፤ በእጅ ይዞ እየተራመዱ የሚቀረጽ ቪዲዮን ያረጋጋበት መንገድ ብዙ አሮጌ ካሜራዎችን ያስንቃል።

የፎቶው መድረሻም ከማንሻው እኩል ይወስናል። ፎቶው በስልክ ስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ 3 ሜጋፒክስል እንኳ ይበቃል፤ የአብዛኛው ስልክ ስክሪን ከዚያ አይበልጥምና። ለአልበም የሚታተም 10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ በኢንች በ300 ነጥብ ሲሰላ 2 ሜጋፒክስል ገደማ ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 30 በ40 ሳንቲሜትር ግን ወደ 17 ሜጋፒክስል ያስፈልገዋል። ችግሩ ሰዎች ለኅትመት ይዘው የሚመጡት በቴሌግራም የተላከላቸውን ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል። ይህ በ40 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ ሲዘረጋ በኢንች 80 ነጥብ ገደማ ይሆናል፤ የእናት ፊት ካሬ ካሬ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ ካሜራ አይደለም፣ የተላከበት መንገድ እንጂ። በፋይል መልክ መላክ ሙሉውን ምስል ያደርሳል፤ ይህን አንድ ነገር ሰው ቢያውቅ በየፎቶ ቤቱ የሚሰማው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀር ነበር።

በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች መግቢያ ያሉት ፎቶ ቤቶች ከካሜራው ይልቅ የሚያሳስቧቸው ደግሞ ሌላ ነው። ጉርድ ፎቶ የእንጀራቸው ምንጭ ነበር። ፋይዳ መታወቂያ ሲወሰድ ግን ፎቶው እዚያው ምዝገባው ላይ ይነሳል፤ ከዚህ በኋላ ጉርድ ፎቶ ብቻውን ቤት ኪራይ ይከፍላል ብሎ ሱቅ መክፈት አደገኛ ነው። ፎቶ ቤት የሚኖረው በኅትመትና በዝግጅት ሥራ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ካሜራ አሁንም የሚያስፈልግባቸው ሥራዎች ናቸው።

እንግዲህ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃትና ለኅትመት ለሚሠራ ወጣት ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ያገለገለ ካሜራ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስና አንድ ፍላሽ፤ በኪሱ ያለው ስልክ ምንም ይሁን። ይህን የምለው አሮጌ ነገር ስለምወድ አይደለም። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መስታወት አልባ ወደሆኑት ሚረርለስ ካሜራዎች ፊታቸውን ስላዞሩ፣ ምስሉን ወደ ማያ ቀዳዳው የሚያንጸባርቅ መስታወት በውስጣቸው ያላቸው የቀድሞዎቹ ካሜራዎች ዋጋቸው ወርዷል፤ ሌንሶቻቸው ግን አልሞቱም። ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚያያዝበት የካኖን ኢኤፍ መግጠሚያ ከ1987፣ የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስለሆነ ያገለገለ ሌንስ በብዛት አለ፤ በአስማሚም (በመካከል በሚገባ ማያያዣ) በአዲሶቹ ላይ ይሠራል። የስልክ ባትሪ ሲደክም ስልኩ ይደክማል፤ ካሜራ ግን መብራት ሲጠፋ ሁለተኛ ባትሪ ይገባለትና ይቀጥላል።

ሲገዙ የሚታየው ጥቂት ነገር ነው። የመዝጊያውን ቆጣሪ፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንዳነሳ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የመነሻ ደረጃ ካሜራዎች መዝጊያ 100 ሺህ ጊዜ ገደማ እንዲሠራ ነው የሚታሰበው። በሌንሱ ውስጥ የስልክ ባትሪ ብርሃን አሳልፎ ማየትም ያስፈልጋል፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ከታየ ሻጋታ ነው፣ ክረምታችን እርጥበታማ ስለሆነ ይስፋፋል፣ አይገዛም። የኒኮን ርካሽ ካሜራ የሚገዛ ደግሞ አሮጌዎቹ የኤኤፍ-ዲ ሌንሶች በእነዚያ አካሎች ላይ በራሳቸው እንደማያተኩሩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ሌንሶቹም ሆኑ የካሜራ አካሎቹ በውስጣቸው የማተኮሪያ ሞተር የላቸውም።

ሠርጉን የሚያስቀርጹት ቤተሰቦችም “በምንድን ነው የምታነሳው?” ብለው ከመጠየቅ ይልቅ፣ ከመዋዋላቸው በፊት ሲመሽ በድንኳን ውስጥ ያነሳቸውን ፎቶዎች፣ ከእነዚያም መካከል አንዱን ታትሞ፣ አሳየን ቢሉት ይበጃቸዋል። በቀን ፀሐይ የተነሳውን ማንም ያሳያል።